ጀርባቸው ክፍት የሆኑ ኢርፎኖች፦ «ሰፊ ድምፅ» የሚባለው ከየት ነው የሚመጣው?

ኢርፎን ሻጮች በአሁኑ ጊዜ አብዝተው ከሚጠቀሙባቸው ቃላት አንዱ «ክፍት» ነው። ቃሉ ግን ሦስት የማይገናኙ ዕቃዎችን አንድ ላይ ይጠቀልላል። አንደኛው እንደ መደበኛው የአፕል ኤርፖድስ ያለ፣ ጎማ የሌለው፣ በጆሮ አፍ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ነው። ሁለተኛው ቦዝ እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳወጣው አልትራ ኦፕን፣ የጆሮን ጠርዝ ቆንጥጦ ይዞ ቀዳዳውን ጨርሶ የማይነካ ነው። ሦስተኛው፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው፣ በጎማ ጫፍ የጆሮን ቀዳዳ ዘግቶ የሚገባና የድራይቨሩ (ድምፁን የሚፈጥረው ክፍል) ጀርባ ብቻ በወንፊት በኩል ለውጭ አየር የተተወ ነው።

የዚህ የሦስተኛው ዓይነት ቤተሰብ ትንሽ ነው። ከሁሉም በላይ የሚታወቁት የካሊፎርኒያው ኦዲዚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣቸው አይሳይን 10 እና አይሳይን 20 ናቸው፤ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፕላነር ማግኔቲክ (ስስና ጠፍጣፋ ሽፋን በማግኔት የሚያንቀሳቅስ) ድራይቨር ከጆሮ ላይ አንጠልጥለው ጀርባውን የከፈቱ። ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ የቻይና ሥራዎች ሲሆኑ ብዙዎቹ ራሳቸውን «ከፊል ክፍት» ይላሉ፤ የፊዮ ኤፍዲ5 እና ኤፍዲ7 ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከእነዚህ ጎን ለጎን፣ የወንፊት ቅርጽ ሽፋኑ ላይ ተቀርጾበት ከስሩ አንድም ቀዳዳ የሌለው ዕቃ በዚሁ ስም ይሸጣል።

ስለነዚህ ኢርፎኖች የሚጻፈው ግምገማ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ ሰፊ ነው፣ አየር አለው፣ ሙዚቃው ከጭንቅላት ውጭ ይሰማል። ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ግን አንድ አይደለም። ጆሮ ሲደፈን የሚሰማው መታፈን ይቀንሳል። የአካባቢው ድምፅ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይገባል። በተጨማሪም አምራቹ የመረጠው የድምፅ ሚዛን አለ፤ በተለይ ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ያለውን ክልል ዝቅ ማድረጉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእርግጥ ከጀርባው መከፈት የሚመጡ ናቸው። የድምፅ ሚዛኑ ግን በማንኛውም ዝግ ኢርፎን ላይ በኢኳላይዘር (የተመረጠ የድምፅ ክልልን ከፍ ዝቅ በሚያደርግ ፕሮግራም) ሊሠራ የሚችል ነው፤ «የመድረክ ስፋት» ተብሎ የሚወደሰው ነገር በብዛት የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው። ሦስቱን ሳይለያዩ የሚሰጥ ፍርድ ስለ ኢርፎኑ ብዙም አይናገርም።

ጀርባው እውነት ክፍት ነው?

ድራይቨር አየሩን ወደ ፊት በገፋ ቁጥር ከኋላው ያለውን ይስባል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ያምቀዋል። በዝግ ኢርፎን ውስጥ ከድራይቨሩ ጀርባ ያለው አየር በጣም ጥቂት ስለሆነ እንደ ስፕሪንግ ይሠራል፤ ሲታመቅ መልሶ ይገፋል። ጀርባው ሲከፈት ይህ ስፕሪንግ ይላላል፣ ድራይቨሩም በቀላሉ ይንቀሳቀሳል። አምራቹ እንቅስቃሴው ከልክ እንዳያልፍ በወንፊቱ ላይ ስስ ጨርቅ ወይም ወረቀት ይለጥፋል፤ ኢርፎኑ ምን ያህል «ክፍት» እንደሆነ የሚወስነውም ከውጭ የሚታየው የወንፊት ስፋት ሳይሆን የዚህ ጨርቅ ጥቅጥቅነት ነው።

ፊት ለፊቱ ግን ሌላ ነው። በድራይቨሩና በጆሮ ታምቡር መካከል የሚቀረው አየር ከ1 እስከ 2 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጎማው በደንብ ከዘጋ፣ በእንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ ውስጥ ትንሽ እንቅስቃሴ እስከ 20 ኸርዝ ድረስ በቂ ግፊት ይፈጥራል። ትልልቆቹ ክፍት ሄድፎኖች ጥልቅ ቤዝ (ወፍራሙ፣ ዝቅተኛው ድምፅ) የሚያጥራቸው ፊታቸውም ስለሚያፈስ ነው። ያን ልምድ ይዞ «ክፍት ስለሆነ ቤዝ አይኖረውም» ብሎ እዚህ መፍረድ ስህተት ነው። ቤዝ ከጎደለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጎማው ነው።

ክፍትነቱን ለማረጋገጥ ጣት ይበቃል። ቤዝና ድምፃዊ ያለበት ሙዚቃ ከፍተው የኋላውን ወንፊት በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ይሸፍኑት። ኢርፎኑን ወደ ጆሮ አይጫኑት፤ ከተጫነ የጎማው አዘጋግ ይለወጥና ፈተናው ይበላሻል። ጀርባው በእውነት ክፍት ከሆነ ቤዙ ይቀንሳል፣ ድምፃዊው ሣጥን ውስጥ የገባ ይመስላል፣ የክፍሉ ድምፅም ይርቃል። ምንም ካልተለወጠ ወንፊቱ ጌጥ ነው። ለውጡ ጥቂት ከሆነ «ከፊል ክፍት» የሚለው ስም ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በብዙ ኢርፎኖች ላይ ከድምፅ ማውጫው ቱቦ አጠገብ ሌላ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ ክፍተት ይኖራል። ይህ የፊተኛው ክፍል መተንፈሻ ነው፤ ሥራውም ኢርፎኑ ሲገባ የሚፈጠረውን ግፊት ማስተንፈስና የቤዙን መጠን መወሰን ነው። እሱን ሲሸፍኑት ውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ ቤዝ ይጨምራል። የአንዳንድ ሰው ጆሮ ቅርጽ ይህን ቀዳዳ ራሱ ይደፍነዋል። አንዱ ገምጋሚ «ቤዙ በዛ» ሌላው «ልክ ነው» የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጎማ፣ ጥልቀት፣ ከዚያ በኋላ ፍርድ

ክፍት ኢርፎን ብዙውን ጊዜ ሰፊ አካል ስላለው በክብደቱ ወደ ውጭ ይሳባል። አይሳይን ከጆሮ ጀርባ የሚጠመዘዝ መንጠቆ የተሠራለትም ለዚህ ነው። ኢርፎኑ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢላላ ቤዙ ሊጠፋ ይችላል፤ ሰውየው ግን «ክፍት ስለሆነ ነው» ብሎ ይቀበለዋል።

የ30 ኸርዝ ድምፅ በመጠነኛ ኃይል ያጫውቱ። ከዚያ ኢርፎኑን በጣም ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይግፉት። ድምፁ ድንገት ካበጠ ጎማው እያፈሰሰ ነበር ማለት ነው፤ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጎማ ይሞክሩ። አፍዎን ከፍተው ሲዘጉ ድምፁ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነም እንደዚያው ነው። ሁለቱ ጆሮዎች አንድ ዓይነት ላይሆኑ ስለሚችሉ ለግራ ሚዲየም፣ ለቀኝ ላርጅ ማድረግ ነውር የለውም። ሲሊኮን እየተንሸራተተ ካስቸገረ ስፖንጅ ጎማ ይሻላል፤ ሆኖም ስፖንጁ ከፍተኛውን ድምፅ በመጠኑ ይውጣል። የጎማው አፍ ስፋትም ለውጥ አለው፤ ሰፊ አፍ ያለው ትሬብሉን (ቀጭኑን፣ ከፍተኛውን ድምፅ) ያወጣል፣ ጠባቡ ያለሰልሳል። ስለዚህ ሁለት ኢርፎን ሲያወዳድሩ ከተቻለ ጎማው አንድ ዓይነት ይሁን።

ጥልቀት ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ያልተደፈነ የጆሮ ቦይ በተፈጥሮው 2,700 ኸርዝ አካባቢ ድምፅ ያጎላል። ኢርፎን ሲገባ ይህ ማጉላት ይጠፋል፤ በምትኩ በጎማውና በታምቡሩ መካከል የሚመላለስ አዲስ ጉላት ከ6,000 እስከ 9,000 ኸርዝ ባለው ክልል ይፈጠራል። ኢርፎኑ ጠልቆ በገባ ቁጥር ጉላቱ ወደ ላይ ይወጣል። «ትሬብሉ ይወጋል» ከማለት በፊት ኢርፎኑን 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። የሚወጋው ድምፅ ቅጥነቱ አብሮ ከተለወጠ ምንጩ የእርስዎ ጆሮ ቦይ እንጂ ድራይቨሩ አይደለም፤ የሌላ ሰው ጆሮ ላይ ሌላ ቦታ ይገኛል።

«ኢ» እና «ኡ»

የመደፈን ስሜቱን ለመለካት ሙዚቃ አያስፈልግም። ኢርፎኑን ያለ ሙዚቃ ያድርጉና ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ኢ...» ከዚያ «ኡ...» ይበሉ። ስንናገር ድምፃችን በአጥንት በኩል ወደ ጆሮ ቦይ ይገባል። ቦዩ ክፍት ሲሆን ዝቅተኛው ድምፅ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲደፈን ግን ተመልሶ ታምቡሩን ይመታል። «ኢ» እና «ኡ» ኃይላቸው በዝቅተኛው ክልል፣ በ300 ኸርዝ ዙሪያ የተከማቸ ስለሆነ ይህን ከ«አ» ይልቅ ያጋልጣሉ። በዝግ ኢርፎን «ኡ» ሲሉ ጭንቅላትዎ ውስጥ ያስተጋባል። ጀርባው ክፍት በሆነው ላይ ግን፣ ጎማው ምንም ቢዘጋ፣ የድራይቨሩ ስስ ዲያፍራም (የሚርገበገበው ሽፋን) በዚህ ግፊት ስለሚንቀሳቀስ ከፊሉ ድምፅ በጀርባ በኩል ያመልጣል።

ወንፊቱን በጣት እየሸፈኑና እየከፈቱ «ኢ» ማለት ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። መራመድ፣ ምራቅ መዋጥ፣ ብስኩት ማኘክም እንዲሁ። ከክፍት ጀርባ የሚገኘው ትልቁና የማያጠራጥር ጥቅም ይህ ይመስለናል። ለረጅም ሰዓት ለሚያዳምጥ ወይም ኢርፎን አድርጎ ስልክ ለሚያወራ ሰው ከ«መድረክ ስፋት» በላይ ዋጋ አለው፤ በማስታወቂያዎቹ ላይ ግን እምብዛም አይጠቀስም።

ጫጫታ ባለበት ቦታ የተሰጠ ፍርድ

ጎማው በደንብ የገጠመ ዝግ ኢርፎን የውጭ ድምፅን ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ሊቀንስ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆነው ግን በተለይ ዝቅተኛውን ድምፅ ከሞላ ጎደል እንዳለ ያስገባዋል። የሰው ጆሮ 50 ኸርዝን ለመስማት በጸጥታ ውስጥ እንኳ ወደ 44 ዴሲቤል ይፈልጋል፣ ለ31.5 ኸርዝ ደግሞ 60 ያህል። በዚህ ላይ የሞተር ድምፅ ሲጨመር ጥልቁ ቤዝ ይዋጣል። ታክሲ ውስጥ ወይም ጄኔሬተር በሚሠራበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ተሞክሮ «ቤዝ የለውም» የተባለ ክፍት ኢርፎን አልተመዘነም። ማቀዝቀዣው እንኳ ያልተነሣበት፣ መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ያስፈልጋል።

በተቃራኒውም ጫጫታው ያሳስታል። ከውጭ የሚገባው ድምፅ ቦታና አቅጣጫ ስላለው አእምሮ ሙዚቃውንም እዚያው ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሆኖም የተቀዳው ሙዚቃ አካል አይደለም። ያው ኢርፎን በሌሊት ጸጥታ ሲደመጥ ስፋቱ ከቀነሰ፣ የቀነሰው ያህል ከክፍሉ የመጣ ነበር።

ጉዳዩ የጤናም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ገደብ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ሲሆን በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 86 ዴሲቤል ላይ 10 ሰዓት፣ 92 ላይ 2 ሰዓት ተኩል ይቀራል። በክፍት ኢርፎን ጫጫታን ለማሸነፍ ድምፅ የሚጨምር ሰው ገደቡን ሳያውቀው ያልፋል። ለመንገድ ዝጉ ይሻላል፤ ይህን ለማለት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ሁለት ኢርፎን ሲወዳደሩ የድምፅ ኃይላቸው እኩል መሆን አለበት። በ1 ዴሲቤል ከፍ ያለው «ጠርቶ» ይሰማል፣ የሚያዳምጠውም ሰው ልዩነቱ የኃይል መሆኑን አይጠረጥርም። መለኪያ ከሌለ፣ ከ500 እስከ 2,000 ኸርዝ የተገደበ ፒንክ ኖይዝ (እንደ ፏፏቴ ያለ የሙከራ ድምፅ) እያቀያየሩ በጆሮ ማስተካከልና የእያንዳንዱን የድምፅ ቁጥር ጽፎ መያዝ ይቻላል። ሙሉውን ፒንክ ኖይዝ ከተጠቀሙ ቤዝ የበዛበት ኢርፎን ሚዛኑን ያዛባዋል።

በምን ይፈተን?

የመጀመሪያው መሣሪያ ሙዚቃ ሳይሆን ንግግር ነው፤ ያውም በጥሩ ማይክሮፎን የተቀዳ የአማርኛ ዜና። የሰውን ድምፅ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የአማርኛ ተነባቢዎች ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። «ሸ» ኃይሏ ከ«ሰ» ዝቅ ይላል፣ ከ2,500 እስከ 5,000 ኸርዝ አካባቢ፤ «ሰ» ከ5,000 በላይ ትወጣለች። «ሸ» ያለበት ቃል ሁሉ ከፊት የሚጮህ ከሆነ ኢርፎኑ የላይኛውን ሚድ (የመካከለኛውን ድምፅ የላይኛ ክፍል) አብዝቷል። «ሸ» ደህና ሆና «ሰ» የምታፏጭ ከሆነ ጉላቱ ከ6,000 በላይ ነው፤ ከላይ የተባለውን የጥልቀት ፈተና ይድገሙት። ሁለቱ ሲቀራረቡና «ሰላሳ» እና «ሻሸመኔ» አንድ ዓይነት ፉጨት ሲኖራቸው በመካከላቸው የጎደለ ክልል አለ።

«ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ»፣ «ቀ»፣ «ጰ» ደግሞ አጭርና ደረቅ ፍንዳታ አላቸው። በጥሩ ኢርፎን ፍንዳታው ይሰማና ወዲያው ይቆማል፣ ከዚያ አናባቢው ይከተላል። ፍንዳታው ጭራ ካበጀ አንድ ቦታ ላይ የሚንጫረር ጉላት አለ። ደንዝዞ «ጠ» ወደ «ተ» ከተጠጋ ትሬብሉ ጎድሏል። የወንድ ዜና አንባቢ ድምፅ ከደረቱ የሚወጣ ያህል ከወፈረ ከ150 እስከ 300 ኸርዝ ያለው በዝቷል ማለት ነው፤ ይህ በዝግ ኢርፎኖች ላይ የተለመደ ነው።

ከመሣሪያዎች በገና ከማንም የበለጠ ይናገራል። በአሥሩ ጅማቶችና በብርኩማው (ጅማቶቹ በሚያርፉበት ድልድይ) መካከል በሚገባው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት እያንዳንዱ ምት ዝቅ ያለ መሠረታዊ ድምፅና ብዙ ሺህ ኸርዝ ድረስ የሚወጣ ንዝረት አብሮ ይይዛል። ትሬብል የጎደለው ኢርፎን ንዝረቱን ያደበዝዘውና በገናውን ወደ ተራ ቤዝ ይለውጠዋል። የላይኛው ሚድ የበዛበት ደግሞ ንዝረቱን ከድምፁ ለይቶ እንደ ዝንብ ያስጮኸዋል። ሁለቱ ከአንድ ጅማት የወጡ ሆነው መሰማት አለባቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የበገናው ንዝረት ከተበላሸ ድራይቨር ድምፅ ጋር ይመሳሰላል፣ ስለዚህ ብልሽት ለመፈለግ በገና አይሆንም፤ ለዚያ ንጹሕ የስዊፕ ድምፅ (ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ኸርዝ ሳያቋርጥ የሚወጣ) ይሻላል።

ማሲንቆ የላይኛውን ሚድ ይፈትሻል፤ የፈረስ ጭራው ጅማትን ሲፈጭ የሚሰማው ሸካራነት ከዜማው ሳይለይ መምጣት አለበት። ከበሮ ሰፊውና ጠባቡ አፍ ሲመታ ሁለት የተለያየ ድምፅ ይሰጣል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት «ዱም» ከሆኑ የቤዙ የላይኛው ክፍል አብጦ ሸፍኖታል። ክራርና ዋሽንት የሚጠቅሙት አዲስና ንጹሕ ቅጂ ከተገኘ ብቻ ነው።

የቅጂው ጉዳይ እንዲያውም ከመሣሪያው ምርጫ ይበልጣል። በሸክላ ዘመን የተሠሩት የምንወዳቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ በሞኖ (ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ሆኖ) የተቀዱ ናቸው፤ በእነሱ የመድረክ ስፋት መመዘን ከቶ አይቻልም፣ ሁሉም ድምፅ መሐል ነው የሚቆመው። ከካሴት ተገልብጦ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ዘፈን የቴፕ ሹሽታ ይዞ ይመጣል፣ ላይኛው ድምፁም አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቷል። ለመውደድ እንጂ ለመመዘን አይሆንም። በቅርብ ዓመታት በስቱዲዮ የተቀዳ፣ ካልታመቀ ፋይል ወይም ከፍ ካለ ጥራት የሚጫወት ሁለት ሦስት ዘፈን ይበቃል።

የስፋቱ ምርመራ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ኢርፎኑ ክፍት ቦታ ላይ የተቀመጠ ያህል ሰፍቶ ከተሰማ፣ ስፋቱ ከድምፅ ሚዛኑ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ኢኳላይዘር ይከፈታል፤ በዊንዶውስ ኢኳላይዘር ኤፒኦ፣ በአንድሮይድ ፓራሜትሪክ የሆነ መተግበሪያ። 3,000 ኸርዝ ላይ፣ ኪው (የሚለወጠው ክልል ስፋት) 1 አድርገው፣ 4 ዴሲቤል ይጨምሩ፤ ድምፁ እንዳይቆራረጥ አጠቃላዩን በ4 ዴሲቤል ይቀንሱ። ድምፃዊው ወዲያው ወደ ፊት መጥቶ መድረኩ ከጠበበ፣ ስፋቱን ይሠራው የነበረው የዚያ ክልል መጉደል ነው። ከዚያ ተቃራኒውን ይሞክሩ፦ ጥሩ ዝግ ኢርፎን ወስደው እዚያው ላይ 4 ዴሲቤል ይቀንሱ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዝጉን «ክፍት» ይለዋል። እንዲህ ያለ ስፋት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ለእሱ ሲባል የተለየ ገንዘብ ማውጣት ግን አያስፈልግም።

የድምፅ መሣሪያ አምራቹ የሃርማን ተመራማሪዎች በዓመታት ጥናታቸው የተለያዩ ማዳመጫዎችን ድምፅ በአንድ ማዳመጫ ላይ በኢኳላይዘር እያስመሰሉ አድማጮችን ሲፈትኑ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ክብደቱ፣ ወንፊቱ፣ ዋጋውና ስሙ ሲወገዱ የሚቀረው ድምፁ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ይህን ሙሉ በሙሉ መድገም አይቻልም፣ ኢርፎኑ ጆሮ ሲነካ ማንነቱ ይታወቃልና። ለዚህም ነው የኢኳላይዘሩ ፈተና ከአድናቆት ይልቅ የሚታመነው።

ሌላም የውሸት ስፋት አለ፤ ይህኛው ግልጽ ብልሽት ነው። ገመዳቸው የሚነቀል ኢርፎኖች ብዙዎቹ 0.78 ሚሊ ሜትር ባለ ሁለት ፒን መሰኪያ አላቸው፣ ፒኑም በስህተት ሊገለበጥ ይችላል። አንዱ ወገን ከተገለበጠ ግራና ቀኝ ተቃራኒ ይገፋሉ፤ መሐል መቆም ያለበት ድምፃዊ ይበተናል፣ ቤዙ ይሳሳል፣ ሁሉም ነገር ከጭንቅላት ውጭ የተንሳፈፈ ይመስላል። «እንዴት ያለ መድረክ!» ተብሎ ሊደነቅ ይችላል። በሞኖ የተቀዳ ንግግር ያጫውቱ፤ ድምፁ በቅንድብ መካከል ጠበብ ብሎ ካልቆመ አንዱን ፒን ገልብጠው ይሰኩት። ድምፁ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ደግሞ የግራና የቀኙን ገመድ ያቀያይሩ። ማጋደሉ አብሮ ከተቀየረ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የማጫወቻው ነው፤ ባለበት ከቀረ የኢርፎኑ ወይም የጆሮዎ ነው።

ስለ ማጫወቻው ብዙ ማለት አያሻም። የፕላነር ድራይቨር ኤሌክትሪካዊ መቋቋም በሁሉም ኸርዝ ላይ እኩል ስለሆነ በአምፕሊፋየር ዓይነት ድምፁ ብዙ አይለወጥም፤ ብዙ ባላንስድ አርማቸር (ሌላ ዓይነት ጥቃቅን ድራይቨር) ያላቸው ግን ይለወጣሉ። በስልኩ ቻርጅ መሰኪያ የሚገባ ትንሽ መቀየሪያ ለዚህ ሥራ በቂ ነው።

ግራፉ የማይነግረን

ድምፁ በየኸርዙ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል የሚያሳዩት፣ በየቦታው የሚታዩት የኢርፎን ግራፎች በአብዛኛው አይኢሲ 60318-4 በሚባለው የጆሮ አምሳያ ወይም በርካሽ ቅጂው የተለኩ ናቸው። ለካዮች በልማድ ጉላቱ 8,000 ኸርዝ ላይ እስኪቆም ኢርፎኑን ያስገባሉ። ስለዚህ 8,000 ላይ የሚታየው ተራራ የመለኪያው እንጂ የግድ የኢርፎኑ አይደለም፣ ከ10,000 በላይ ያለውን መስመርም መከራከሪያ አለማድረጉ ይሻላል። እስከ 5,000 ድረስ ያለው ግን በጣም ጠቃሚ ነው፤ በአንድ መለኪያ ላይ የተለኩ ሁለት ኢርፎኖችን ለማነጻጸር። በአዲሱ የጆሮ አምሳያ፣ በብሩል ኤንድ ኬር 5128፣ የተለካን ከቀድሞው ጋር ደርቦ ማየት አይገባም፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከኢርፎን ኢርፎን ይለያያልና።

ክፍት ኢርፎን ሲለካ የክፍሉ ጫጫታ በጀርባው ይገባና የቤዙን መስመር ያጨማልቀዋል። አምስት ጊዜ እያወጡና እያስገቡ በጸጥታ መለካት፣ አንዱ መስመር ቤዙ ድንገት ከወደቀ እሱን እንደ ፍሰት ቆጥሮ መጣል የተለመደ አሠራር ነው። የመደፈን ስሜትን፣ የውጭ ድምፅ መግባትን፣ ወደ ጎረቤት የሚወጣውን ሙዚቃ ይህ ግራፍ አያሳይም። የመጨረሻው ቀላል አይደለም፦ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ለሚቀዳ ድምፃዊ ክፍት ኢርፎን ቅንብሩን ወደ ቅጂው ያስገባበታል።

ያገለገለ ሲገዛ

ክፍት ጀርባ አቧራ፣ ላብና ፀጉር ያስገባል። ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ስዊፕ በመጠነኛ ኃይል ያጫውቱና እያንዳንዱን ጎን ለብቻው ያዳምጡ። የሚንጫጫ ወይም የሚያንዘፈዝፍ ድምፅ ከመጣ ዲያፍራሙን የነካ ነገር አለ። በመርፌ ወይም በአየር ግፊት ለማውጣት መሞከር ማይክሮኖች ብቻ ውፍረት ያለውን ሽፋን ይቀድዳል። አንዱ ጎን ትሬብሉ ከደከመ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ቀላል ነው፤ ከቱቦው አፍ ያለው ወንፊት በኩክ ተደፍኗል፣ አፉን ወደ ታች አድርጎ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል። ዕቃው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ ከሆነ፣ ይህን የስዊፕና የሞኖ ፈተና የሚያመጣው ሰው እዚያው ሳለ፣ መመለስ በሚቻልበት ቀን ውስጥ ቢያደርገው ይመረጣል።

ያገለገለ አይሳይን የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድ ለየት ያለ ነገር ማወቅ አለበት። ኦዲዚ ከኢርፎኑ ጋር የሸጠው ሳይፈር የተባለው የላይትኒንግ ገመድ በውስጡ ድምፅ የሚያስተካክል ፕሮሰሰር አለው፤ የኢርፎኑ ሚዛን የተሠራውም እሱን ታሳቢ አድርጎ ነው። በተራ 3.5 ሚሊ ሜትር ገመድ ሲደመጥ የላይኛው ሚድ በጣም ይጎድላል፣ የሴት ድምፃውያን ይርቃሉ፣ «ሸ» ትደበዝዛለች። አንዱ «እንግዳ ድምፅ» ሌላው «ድንቅ» የሚሉት ብዙውን ጊዜ በሁለት የተለያየ ገመድ ሰምተው ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 ከአይፎን 15 ጀምሮ ላይትኒንግን ትቶ ወደ ዩኤስቢ ሲ ስለዞረ ያ ገመድ በአዲሶቹ ስልኮች ላይ በቀጥታ አይገባም። ሻጩ ገመዱን አብሮ ባይሰጥም እንኳ ኢርፎኑ ዋጋ አለው፤ ግን ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ያለውን በኢኳላይዘር ቀስ በቀስ፣ በየ2 ዴሲቤሉ እያዳመጡ፣ የዜና አንባቢው «ሸ» እና «ጠ» ቦታቸውን እስኪይዙ ማንሣት ይጠይቃል። ያን ማድረግ በማይፈልግ ሰው እጅ ዋጋው መቀነስ አለበት።